ውሃ ቢወቅጡት ቤንዚን

ዓባይ ከሰከላ ይነሳል። ጣና ደጃችን ላይ ተንጣሏል። ይህን ሁሉ ውሃ ይዞ ባሕር ዳር ላይ ለቤንዚን የሚሰለፍ ጎጃሜ ካለ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው። ስልኩን አልከፈተም ማለት ነው።

የከፈተማ ያውቃል። መኪና በውሃ ይሄዳል። ቪዲዮው አለ። ሰውዬው ኮፈኑን ይከፍታል። ከሃይላንድ ውሃ ጎንጨት ይልና የተረፈውን ለመኪናው ያጠጣል። ሞተሩ ይነሳል። አለቀ። ሌላው ዓለም አንድ ሞተር ሠርቶ ለዓመታት ሲፈትን ይኖራል፤ እኛ በአውራ ጣት ፈትነን በሦስት ሴኮንድ እናጋራለን። «የኛ ልጅ ነው፤ ነጮች ሳይቀድሙን ሼር!» የሚለው ጽሑፍ ሲደርሰኝ ልቤ ይሞቃል። ቪዲዮው እስኪያልቅ የማይጠብቁትን ደግሞ በተለይ አከብራለሁ። እምነት ማለት እሱ ነው።

ምቀኛ አይጠፋም መቼም። ጎረቤቴ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። «ውሃ እኮ ተቃጥሎ ያለቀ ነገር ነው» ይለኛል። ሃይድሮጅን ሲቃጠል የሚተርፈው ውሃ ነው። የሃይድሮጅን አመድ በለው። «ከምድጃ አመድ ዝቀህ እንጀራ ትጋግርበታለህ?» ይላል። እኔ እንጀራ የምጋግር ይመስል።

ሒሳብም ያበዛል። ከ9 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ይወጣል። ለመለየቱ ግን ቢያንስ 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ በደህና ማሽንም ቢሆን 50 ገደማ። ያንን ሃይድሮጅን ሞተር ውስጥ ብታቃጥለው ጎማው ጋ የሚደርሰው 10 ቢሆን ነው። የቀረው በማርሚታና በራዲያተር ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። 50 ጥለህ 10 የምታወጣበት እቁብ ማለት ነው። ጃፓኖቹ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጡት ቶዮታ ሚራይም የሚሞላው ሃይድሮጅን ነው፤ ውሃው የሚንጠባጠበው በጭስ ማውጫው በኩል ነው። መግቢያና መውጫ መለየት ግን የምቀኛ ሥራ ነው።

ደንበኛዬ የባጃጅ ሾፌር እንዲህ ያለ ወሬ አይሰማም። ባለፈው በኩራት ጠርቶ አሳየኝ። የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ነው። ውስጡ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ሶዳ፣ ከባትሪ ሽቦ የተሳበላቸው ሁለት ሹካዎች። ከክዳኑ የወጣች ቀጭን ቱቦ ወደ ካርቡሬተሩ ትሄዳለች። ሹካዎቹ ላይ ደቃቅ አረፋ ይንተከተካል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። አረፋውም እውነተኛ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው፣ ባትሪው ከሞተሩ፣ ሞተሩ ከቤንዚኑ መሆኑን ማንሳት ነውር ስለመሰለኝ ዝም አልኩ።

«ጋሼ፣ ቤንዚኑ በግማሽ ቀንሷል!» አለኝ።

በእርግጥም ቀንሷል። በማግስቱ ባትሪው ሞተ። ከአዲሱ ድልድይ እስከ ዓባይ ማዶ የገፋናት እኔና እሱ ነን። ከሥር ዓባይ ይፈሳል፤ ከላይ እኛ በውሃ የምትሄድ ባጃጅ እንገፋለን።

የዚህ እምነት አርበኛ አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር ነው። በ22 ጋሎን፣ ማለትም በ83 ሊትር ገደማ ውሃ፣ ከሎስ አንጀለስ ኒው ዮርክ እገባለሁ ይል ነበር። ገንዘብ ያወጡ ሁለት ሰዎች ከሰሱት። በ1996 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ፍርድ ቤት ባለሙያዎች አስመርምሮ፣ መሣሪያው ውሃን በኤሌክትሪክ የሚለይ ተራ ዕቃ ሆኖ አገኘው። «ዓይን ያወጣ ማጭበርበር» ብሎ 25 ሺህ ዶላራቸውን እንዲመልስ ፈረደበት። በ1998 እ.ኤ.አ. ምግብ ቤት ውስጥ ታሞ ሞተ። መርማሪው ሐኪም የአንጎል ደም ሥር ነው አለ። የኛ ሰው ግን ፍርዱን ዘሎ ሞቱን ብቻ ያጋራል፤ «መርዘውት ነው» ብሎ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓኪስታን ውስጥ አንድ መሐንዲስ በውሃ ነዳሁ ብሎ ሚኒስትር ሳይቀር ተከተለው። ብቻችንን አይደለንም። ይህ ያጽናናል።

የሚገርመኝ የቅኔው ነገር ነው። የዋሸራ አገር ሰው ነን። ሰምና ወርቅ ከሕፃንነታችን የምንሰማ ነን። የቪዲዮው ሰም ውሃ ነው፤ ወርቁ ከግርጌ የተጻፈው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። ይህን ለመፍታት የኔታ ያስፈልጋል እንዴ? አባቶቻችን «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አሉ። እኛ ተረቱን አሻሽለን ቤንዚን እናወጣለን። እምቦጩም አልቀረብንም፤ ጣና ላይ ተኝቶልናል።

አስተማሪው ጎረቤቴ ታዲያ አሁንም አይተወኝም። «በውሃ የሚሄድ መኪና እንደሆነ አለልህ» አለኝ ሰሞኑን። የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይወርድና 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ጣቢያ ያዞራል። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ማታ ማታ የሚሞሉት ከዚሁ ዓይነት ውሃ ነው። አስቡት! ግድብ፣ ተርባይን፣ ሽቦ፣ ቆጣሪ፣ በወሩ ደግሞ ቢል። ይህን ማን ሼር ያደርጋል? ሹካ እንኳ የለበትም።

ትናንት ደግሞ ከሾፌሩ ጋር ስንሄድ ቤንዚን አለቀብን። የማደያው ሰልፍ ሁለት ጥግ ታጥፏል። ከመንገድ ዳር ከአንድ ልጅ አንድ ሃይላንድ ቤንዚን ገዛን፤ ዋጋውን አልነግራችሁም። ሞላን። መቶ ሜትር ያህል ሄደች። ሁለቴ አስነጠሰች። ጠፋች።

ሾፌሩ ወርዶ ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈውን ወደ ፀሐይ አነሳው። ከላይ ቢጫ። ከታች ጣት የሚያህል፣ ኩልል ያለ ውሃ። ዝም ብሎ አየው። ቆይቶ ወደኔ ዞረ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሶዳ አልጨመሩበትም ይሆናል።»