ተከላካዩን ቢሮ አስገቡት

ግንቦት 2015 ማታ ነው። ባህር ዳር፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተቀምጠናል። ሚላን ከኢንተር፣ የቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ። ገና በ8ኛው ደቂቃ ኮርና ተመታ፣ ኤዲን ዜኮ በግራ እግሩ አገባት። ቤቱ ተናወጠ። ከጎኔ የነበረው ጋሼ ግን ከወንበሩም አልተነሳ። በወጣትነቱ የመሐል ተከላካይ ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው፤ አንቱ ካሉት ግን ይቆጣል።

«ኮርናው ሳይመታ ነው እኮ የገባው» አለኝ። «ዜኮን ማን እንደያዘው አላየህም? ትከሻው ላይ የማይደርስ ልጅ!»

እውነቱን ነው፣ አላየሁም። እኔ ኳሷን ነበር የማየው።

ከዚያ ማታ ወዲህ አንድ ነገር ያብሰለስለኛል። ክለብ የሚመራ ሰው ኳሷ የሌለችበትን ቦታ ማየት አለበት። ይህን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረ ሰው አለ፤ ተከላካዩ።

ምሳሌዬ እዚያው ሚላን ቤት ነው፣ ፓውሎ ማልዲኒ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠር፣ እንዳንምታታ።) በጥር 1985፣ በ16 ዓመቱ፣ ከኡዲኔዜ ጋር ተቀይሮ ገባ። እስከ 2009 ያንኑ ማልያ እንደለበሰ 902 ጨዋታ፣ 5 የአውሮፓ ዋንጫ፣ 7 ስኩዴቶ (የጣሊያን ሊግ ሻምፒዮንነት)። አባቱ ቼዛሬም በ1963 የሚላን አምበል ሆኖ የአውሮፓን ዋንጫ አንስቷል። ይህን የኳስ ወዳጅ ሁሉ ስለሚያውቀው አልደክምበትም።

እኔን የሚገርመኝ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ያለው ነው። ዘጠኝ ዓመት ከክለቡ ሥራ ርቆ ቆየ። በ2016 የቻይና ባለሀብቶች ሚላንን ሊገዙ ሲሉ ና አሉት። እምቢ አለ። በቀረበለት ሥራ ላይ የመጨረሻው ወሳኝ ማን እንደሆነ አልተለየም ነበር። ስሙ ለእነሱ ይጠቅማል፣ ውሳኔው ግን የእሱ ብቻ አይሆንም። ማልዲኒ ደግሞ ለጌጥ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ጋሼንም አንድ ክለብ፣ ስሙ ይቆየን፣ አንድ ጊዜ ጠርቶት ነበር። ለምሥረታ በዓል። ማልያ አለበሱት፣ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጣሉለት፣ ከባለሥልጣናት ጋር ፎቶ ተነሳ፣ አንድ ለስላሳ ጠጣ፣ ወደ ባጃጁ ተመለሰ። «ስለ ተከላካዮቹ ምንም አልጠየቁህም?» አልኩት። ሳቀ። «ስለ ቤንዚን ወረፋ ጠየቁኝ።»

ማልዲኒ የተመለሰው በ2018 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነ። ሚላን ያኔ ቻምፒዮንስ ሊግን እንደኛ በቴሌቪዥን የሚያይ ክለብ ነበር። ማልዲኒ ሪያል ማድሪድ ቦታ ያጣለትን የግራ መስመር ተከላካይ ቴዎ ኸርናንዴዝን ፈለገ፤ ልጁን ለማሳመን እስከ ኢቢዛ ድረስ ሄደ። እስቲ አስቡት። የግራ ተከላካይ ናችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ «ና» የሚለው ማልዲኒ ነው። ማን እምቢ ይላል? ከሊዮን ሁለተኛ ቡድን ፒዬር ካሉሉን በትንሽ ገንዘብ ወሰደ። ቼልሲ ቤት ወንበር ያሞቅ የነበረውን ፊካዮ ቶሞሪን መጀመሪያ በውሰት፣ ቀጥሎ በግዢ አመጣ። በ2021 ግብ ጠባቂው ዶናሩማ ኮንትራቱን ጨርሶ በነጻ ሲሄድ ደጋፊው እዬዬ አለ። ማልዲኒ ግን ማይክ ሜኛንን ከሊል አስፈርሞ ጨርሷል። አጥቂው ከመድረሱ በፊት ቦታ መያዝ ማለት ይኸው ነው።

በ2022 ሚላን ከ11 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለተኛ የወጣው ኢንተር 84 ጎል አግብቷል፣ ሚላን 69። ግን ሚላን ላይ በ38 ጨዋታ የተቆጠረው 31 ብቻ ነው፤ በሁለት ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ይህን ቁጥር ለጋሼ ስነግረው ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ስህተትም ሠርቷል። ከ30 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የወጣበት ቻርልስ ደ ኬቴላረ የመጀመሪያ ዓመቱን አንድም ጎል ሳያገባ ጨረሰ። ከኢንተሩ ሽንፈት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ በጁን 2023፣ አዲሱ አሜሪካዊ ባለቤት ማልዲኒን አሰናበተው። በ2024/25 ሚላን 8ኛ ወጣ፤ አውሮፓም ቀረበት። እሱ ስለሌለ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ማገሩን ነቅሎ ጎጆው ለምን ዘመመ ብሎ መገረም አይቻልም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ተጫዋች የነበረ ሰው ትልቅ ወንበር ላይ መቀመጡ ለእኛ አዲስ አይደለም። ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፣ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳውን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል፣ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍን፣ መርተዋል። (አጥቂ ነበሩ። ጋሼ ይህንን ይቅር ብሏቸዋል።)

ዛሬ ግን አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀት ካለ ሹመት አለ። ሹመኛው ሲቀየር ቦርዱ ይቀየራል። ተጫዋች የሚመርጠው አሠልጣኙ ነው፤ እሱ ሲባረር ያስፈረማቸው ልጆች ባለቤት ያጣሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሽ ቡድን ይፈርሳል፣ ግማሽ ቡድን ይገዛል። አጥቂ ነው የሚፈለገው፣ ደግሞ ሌላ አጥቂ። በሁለተኛው ዙር ጎል እንደ ጎርፍ ሲገባ ተከላካዩ ይሰደባል።

የእኛዎቹ የጣና ሞገዶች፣ የባህር ዳር ከተማ ክለብ፣ ፕሪሚየር ሊግ የገቡት በ2018 ነው። በ2022/23 ሁለተኛ ወጥተው በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም በፍጹም ቅጣት ምት ጥለዋል። በአምስት ዓመት ይህ ቀላል አይደለም። የሜዳቸውን ጨዋታ ግን አዲስ አበባ ነው ያደረጉት። በ2019 ብሔራዊ ቡድናችን ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲረታ ያበድንበት የባህር ዳር ስታዲየም የካፍን መስፈርት አላሟላምና። እንዲህ በፍጥነት ያደገ ክለብ የሚያስፈልገው የሚቀጥለውን አደጋ ቀድሞ የሚያይ ሰው ነው።

የምለው ይህን ነው። ከአሠልጣኙ የተለየ አንድ የስፖርት ዳይሬክተር ይቀጠር። ደመወዝ ይከፈለው። ማን ይፈርማል፣ ማን ይለቃል የሚለው በጽሑፍ የእሱ ይሁን። አሠልጣኝ ሲቀየር እሱ ይቆይ። የቀድሞ ተከላካይ ቢሆን ደግሞ እኔ ዓሳ እጋብዛለሁ።

«ኳስ የተጫወተ ሁሉ ቢሮ ያውቃል እንዴ?» የሚል ይኖራል። አያውቅም። ማልዲኒም ብቻውን አልነበረም፤ የስፖርት ዳይሬክተሩ ፍሬድሪክ ማሳራ ከጎኑ ነበር፣ የተባረሩትም አብረው ነው። ውልና ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ከተማችን ሞልቷል። አጠገቡ ማስቀመጥ ነው።

ባለፈው እሑድ ከጋሼ ጋር ጣና ዳር ዓሳ አዘዝን። ጥብሱ እስኪመጣ ከአጥሩ ማዶ ልጆች በድንጋይ ጎል ሠርተው ይራገጣሉ። ጋሼ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ እነሱን ያያል።

«ያንን ቀጭኑን አየኸው? ባዶ እግሩን ያለውን።»

አየሁት። ኳስ እንኳ አልነካም።

«ገና ሳይመቱት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ማንም አላስተማረውም።»

«ታዲያ ለማን ነገርክ?» አልኩት።

ዓሳው መጣ። እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

«ላንተ ነገርኩህ አይደል?»