የወንዝ ወዳጆች ነን

አዲስ አበቤ ወንዝ አይወድም የሚል ካለ፣ ክረምት ላይ ማታ ወጣ ይበልና ይየን። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰፈሩ ሁሉ ስጦታውን ይዞ ይነሳል። ዝናቡን ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የሚለቅ ጎረቤትም አለን። የቀረውን ጎርፉ ይጨርሰዋል። ከተፈጥሮ ጋር እንዲህ ተናቦ የሚኖር ሕዝብ ከየት ይመጣል?

በቀደም ራስ መኮንን ድልድይ ላይ አንድ ጋሼ አየሁ። ሱፍ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ያብረቀርቃል። የያዙትን ጥቁር ፌስታል ሁለቴ ቋጠሩት፤ እንዳይዘረገፍ። ግራ ቀኝ አዩና ወደ ታች ለቀቁት። ጧ! እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ፣ ሶፍቱንም አስከተሉት። አስፋልቱ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ንጽሕና ማለት እንዲህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳር ልማቱ ሲታወጅ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተባለ። መናፈሻው መጣ፣ እሰየው። አሁን ቅዳሜ ሙሽራ አጅበን እንሄዳለን። ፎቶ የምንነሳው ግን ፋውንቴኑ ጋ ነው። መብራት አለው፣ ይዘላል፣ ደግሞ አይሸትም። ወንዙን ካሜራው ውስጥ ማስገባት ነውር ነው።

ጢሻ ላይ ያለን አቋምም አይናወጥም። ዳር ዳሩን የበቀለ ቁጥቋጦ ካየን "ሌባ ይደበቅበታል" ነው። እርግጥ ነው የሚደበቅ አለ። እንቁራሪት አለች፣ ጎጆዋን የሠራች ወፍ አለች። ሥሩ አፈሩን ይዞ ኖሯል፤ ከላይ የሚወርደውንም ቆሻሻ ትንሽ ትንሽ ያጣራ ነበር። ቢሆንስ? ሌባ ይደበቅበታላ! ተመነጠረ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገነባ፣ ዘንባባ ተተከለ። ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው፤ እንቁራሪቷም ማስታወቂያውን አንብባ ሄደች።

ያልከዳን ቁራ ብቻ ነው። ያ ማጅራቱ ነጭ፣ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኘው የኛ ቁራ። ፌስታል መፍታት ለምዷል። ሁለቴ የተቋጠረውንም ጭምር።

መሃል ከተማውን አቋርጦ የሚወርደው ወንዛችን ስሙ ባንተ ይቀጡ ነው። (ስም አውጪው ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ።) እሱ ከቀበና ይገናኛል፣ ቀበና ከአቃቂ፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባና ወደ አዋሽ ይቀጥላል። ስጦታችንን ተሸክሞ ሲሄድ ታዲያ ባዶ እጁን አይደለም የሚያልፈው፤ መንገድ ላይ ጎመን ያጠጣል፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣል። አትክልቱ ተመልሶ የሚመጣው እኛው ጋ ነው። ወንዝ ውለታ አይረሳም።

ትናንት ጉልት ወርጄ ጎመን ገዛሁ። "ከአቃቂ ነው፣ ዛሬ ጠዋት የተቀጠፈ" አለችኝ እናቴን የምታክል ባለ ጉልት። ቅጠሉ ሰፊ፣ ልምልም ያለ፣ የሚያስጎመጅ። ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተችልኝና ቋጠረችው። ሁለቴ።