«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ ለደብረ ብርሃን ሱቆች ግድግዳ የቀረበ ውዳሴ

የደብረ ብርሃን ባለሱቅ የደንበኛን አመኔታ በምን እንደሚያገኝ ማወቅ የሚሻ ሰው የባለሱቁን ፊት ማየት አያስፈልገውም፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን ያንብብ። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ከሁሉ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ይከተላል፤ ከሁለቱም በደመቀ ቀይ ቀለም ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይነበባል። ከተማችን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተቀመጡባት መናገሻ ስለ ነበረች የንጉሥ አያያዝ ታውቅበታለች፤ ንጉሡ ዱቤ ተነፍጎ፣ የገዛውንም እንዳይመልስ ተገዝቶ የሚወጣበት ቤተ መንግሥት ከዚህ ሌላ የት ይገኛል?

ባለፈው ኅዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር ሰው ውርጭ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት በማያስፈልግበት ሰሞን፣ አንድ ፔርሙዝ ገዛሁ። ዋጋው አልተለጠፈም ነበርና ባለሱቁ መጀመሪያ ጫማዬን፣ ቀጥሎ ካፖርቴን ከተመለከተ በኋላ ተመነልኝ፤ «ለእርስዎ ስለ ሆነ ነው እንጂ» የሚል ቃልም አከለበት። ይህንኑ ቃል ከእኔ በፊት ለገቡት ሴትዮ ሲናገር ሰምቼ ስለ ነበር፣ ሁላችንም የቅርብ ዘመዶቹ መሆናችንን ያን ዕለት ተረዳሁ። ዝርዝር አልነበረውምና የመልሴን ቀሪ በማስቲካ ሰጠኝ፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ጥርስ እንዳለው ሰው መቆጠሩ ራሱ አንድ ክብር ነው። ማታ የሞላሁት ሻይ ግን ሌሊት ስነሣ እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።

በማግሥቱ ፔርሙዙን ይዤ ስመለስ ከባለሱቁ አንድም ክፉ ቃል አልወጣም። በአገጩ ወደ ቀዩ ጽሑፍ አመለከተኝና ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ግን ይይዛል፤ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ይጠቅምዎታል» ሲል አጽናናኝ። ሙቀት መያዝ ያቃተው ዕቃ ቅዝቃዜን በምን ብልሃት እንደሚይዝ ጠየቅሁት፤ በዚያ ሱቅ ግን ጥያቄም አይመለስም።

አንዳንድ ነገረኞች የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን እየጠቀሱ፣ እንከን ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል፣ ነጋዴውም ዋጋ የመለጠፍና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይናገራሉ። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ መውጣቱን አልክድም፤ ነገር ግን ነጋሪት ጋዜጣው ከሱቁ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፤ ቀዩ ጽሑፍ ተለጥፏል። ስለ ደረሰኙም ቢሆን ባለሱቁ ማሽኑ ከተበላሸ መሰንበቱን በግልጽ ነግሮኛል። ማሽኑን ከማን እንደ ገዛው አላውቅም፤ ምናልባት እርሱም የማይመለስ ሆኖበት ይሆናል።

እውነተኛ ሐዘኔታ የሚገባቸው ከዚህ ሥልጣኔ ርቀው የቀሩት፣ በገበያ ቀን ከመሬት ተቀምጠው የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዷን፣ ሁላችን እማማ የምንላቸውን፣ ለረጅም ጊዜ አውቃቸዋለሁ፤ ግድግዳ ስለሌላቸው የሚለጥፉት ነገር የላቸውም። ገብሱን በጣሳ ሰፍረው ከሞሉ በኋላ ገዢዋ «ኧረ ይመርቁልኝ!» ስትላቸው አንድ እፍኝ ይጨምራሉ፤ ዝም ካለችም ይጨምራሉ። ቅቤውን ከፍተው ያሸትታሉ፣ ያስቀምሳሉ፤ ይባስ ብለውም «ይኸ በሳል ነው ልጄ፣ ለወጥ እንጂ ለጠጉር አይሆንሽም፤ ለጋው እዚያ ከጎረቤቴ ዘንድ አለልሽ» ብለው ገንዘቧን በእጇ የያዘችውን ደንበኛ ለተፎካካሪያቸው ያስረክባሉ። የዱቤ መዝገብ የላቸውም፤ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደች በቃላቸው ይይዛሉ፣ ባለ ዕዳዋም ሳትጠየቅ አምጥታ ትከፍላለች። አንድ ጊዜ ታመው በቀሩበት ሳምንት ደንበኞቻቸው ራሳቸው ተቀምጠው ሸጡላቸውና ገንዘቡን እስከ ቤታቸው አደረሱ። እንዲህ ያለች ሴት መቼ ታድጋለች? ይኸው እዚያው ቦታ ላይ ናቸው፤ ደንበኞቻቸውም ቦታ መቀየር ተስኗቸው አሁን ሴት ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ።

ወደ ባለሱቄ ልመለስ። በቅርቡ በደጁ ሳልፍ ጠራኝና ያገሩ ሰው ይሉኝታ እንደ ጠፋው አማረረልኝ፤ የሰፈሩ ሰው ድስትና ብርድ ልብስ ሳይቀር 130 ኪሎ ሜትር ተሳፍሮ ከመርካቶ እየገዛ ይመጣል፣ ለገዛ ነጋዴው አያስብም። ለጋስነቱን እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ የሚኒባስ ባለንብረቶችን ኑሮ የሚደጉመው እርሱ መሆኑን አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። ለችግሩም መፍትሔ አላጣም፤ በትልልቅ ፊደል አሳትሞ ያመጣውን «የአካባቢዎን ነጋዴ ይደግፉ» የሚል ጽሑፍ ከቀዩ አጠገብ ሊለጥፍ ወንበር ላይ ወጣ፤ እኔም እንዳይወድቅ ወንበሩን ያዝሁለት።

«ጋሼ፣ ተስተካከለ?» አለኝ፣ ፕላስተሩን በጥርሱ እየቆረጠ።

«ትንሽ ወደ አንተ ያዘነብላል» አልሁት።