ከዘራዬ ሽማግሌ ሆነች

ጥፋቱ የስልኬ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ እኩለ ሌሊት ላይ ቪዲዮ ስገላልጥ አንድ የስኮትላንድ ሽማግሌ መጣብኝ። ሰውዬው ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከዘራ ይሠራል። እንጨቱን በብርዱ ወራት ቆርጦ ዓመት ያህል ያደርቀዋል፤ እጀታውን ደግሞ ከአጋዘን ቀንድ ያወጣል። ለቀንዱ ብሎ ማንንም አይገድልም። የነሱ አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን ይጥላል፣ እሱ ጫካ ሄዶ እንደ ወደቀ ፍሬ ይለቅማል።

በነገራችን ላይ ይቺ «አጋዘን» የምትባል ቃል ታጭበረብራለች። የኛው አጋዘን ቀንዱ የተጠማዘዘው ነው፤ እሱ ደግሞ ቀንዱን እንደ ርስት ይዞ ይሞታል እንጂ አይጥልም። የነሱው ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ድፍን አጥንት ነው። የኛዎቹ፣ በሬም በለው ኒያላ፣ ውስጡ አጥንት ላዩ የጥፍር ዘር ነው። ኒያላን ራሱ እኔ የማውቀው አስር ሳንቲም ላይ ነው፤ አስር ሳንቲምም ካየሁ ቆየሁ።

እንግዲህ የቀረኝ በሬ ነው። ዕድሜዬ 43 ነው፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ምክንያት አለኝ ብዬ ተነሳሁ።

ለፋሲካ ቅርጫ ገባን። ቅርጫ ላይ ሰው ለሰንበር ይኳረፋል፣ ለምላስ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቀንዱን ግን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ሞኙ አፌን ከፈትኩ። «ቀንዱን ልውሰደው?» ቢላዋው ሁሉ ቆመ። «ምን ሊያደርግለት ነው?» አለ አንዱ። «ለመድኃኒት ይሆናል» አለ ሌላው። «ውጭ አገር ይላካል አሉ» ብሎ ሦስተኛው ዘጋው። ሁልጊዜ ለውሻ የሚጣለውን ነገር 200 ብር ከፍዬ ወሰድኩ። የዘንድሮው ፋሲካ ላይ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ቀንዱ ለብቻው ጨረታ ወጣ።

እንጨቱን ዘመድ ከሰላሌ ላከልኝ፣ ሁለት ቀጥ ያለ የወይራ ዘንግ። ወይራ ፀሐይ ላይ ቸኩሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ጥላ ይወዳል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ጣሪያ ሥር አጋድሜ ሰቀልኳቸውና መጠበቅ ጀመርኩ። ሦስተኛው ወር ላይ ቀና ስል አንዱ የለም።

«ወይራ አይደል እንዴ?» አለች ባለቤቴ፣ «ጋኑን በምን ልጠነው?»

የዚያ ወር የማኅበር ጠላ ጉድ ተባለለት። ሁሉም ጣቱን እየላሰ ከዘራዬን ጠጣት።

የተረፈችውን ከትራሴ በላይ ሰቅዬ ስድስት ወር ጠበቅኳት። ጎበጥ ያለችበትን ፍም ላይ አሙቄ በጉልበቴ አቃናሁ (ያው በደህናው)። በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኳት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። አባቶቻችን ዱላቸውን ቅቤ ይቀቡ ነበር። የዘንድሮን የቅቤ ዋጋ አስቤ እኔና ከዘራዬ በዘይት ተስማማን።

ጣጣው ከቀንዱ መጣ። ውስጡ ያለው አጥንት እንዲለቅ ቀንዱን መቀቀል ያስፈልጋል። ግቢው አምስት አባወራ የሚኖርበት ነው፣ እኔ ደግሞ በአሮጌ ድስት ቀንድ ጥጄ ሦስት ሰዓት አማስላለሁ። ሽታውን አልነግራችሁም። አጥንቱ ወጥቶ በሞረድ ስሞርደው ደግሞ የሚቃጠል ፀጉር ሸተተ። የታችኛው ቤት እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ብቅ አሉ። ድስቱን አዩ። ቀንዱን አዩ። እኔን አዩ። አማተቡና ተመለሱ። በነጋታው ባለቤቴን ቡና ላይ ጠርተው «ልጄ፣ የትኛው ደብተራ ነው ያዘዘለት? ለሥራ ነው ወይስ ሌላ ሴት አለች?» አሏት። የግቢው ጋሼ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ሰላምታዬን በሩቁ ነበር የሚቀበሉት።

የቀረው ቀላል ነው። የቀንዱ ጫፍ ድፍን ስለሆነ እሱን በስቼ፣ ብረት አስገብቼ፣ በኮላ ከእንጨቱ ጋር አጣበቅኩ። ታችኛው ጫፍ እንዳይፈነዳ የቧንቧ ቁራጭ አለበስኩት። ቁመቱ ቀጥ ብለህ ስትቆም እስከ እጅህ አንጓ ነው መድረስ ያለበት፣ ጫማ አድርገህ። እኔ በነጠላ ጫማ ለካሁ። የቆዳ ጫማ አድርጌ ስወጣ አጠረችኝ፣ ጎንበስ ማለት ግድ ሆነ። አስር ዓመት የጨመረችልኝ ያቺ ሁለት ጣት ነች።

የመጀመሪያው ቀን ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ «አባባ ይቀመጡ» ብላ ተነሳች። አባባ! የኔ እኩያ ትሆናለች ማለቴ አይደለም፣ ግን አባባ? ልከራከር አሰብኩና መቀመጫውን አየሁት። ተቀመጥኩ። ረዳቱ መልሱን ያለ ጭቅጭቅ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ይሄን ያየ አዲስ አበባ ውስጥ አለ?

ከዚያማ ተለመደ። ዕድር ላይ አሥር ዓመት ሙሉ እጄን አውጥቼ ያልታየሁት ሰውዬ ከዘራዬን አገጬ ሥር አድርጌ ዝም ስል «እስቲ እሳቸው ይናገሩ» ተባለ። የምናገረው አልነበረኝም። «ነገሩ መታየት አለበት» አልኩ። ተጨበጨበ፣ ቃለ ጉባዔ ላይም ሰፈረ። የባልና ሚስት ጠብ ልታስታርቅ ና ተባልኩ፣ የራሴን ቤት ጠብ ወንበር ላይ እንዳስቀመጥኩ ሄድኩ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ብቻ ጥበቃው አላለፈኝም። «ዱላ ይዞ መግባት ለአረጋውያን ብቻ ነው፣ ስንት ዓመትዎ ነው?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዬ አፈርኩ።

ባለፈው ወር ጋሼ፣ እኚያው በሩቁ ሰላም የሚሉኝ፣ መጡ። የጓደኛቸው ልጅ ሊያገባ ነው፣ ሽማግሌ ተልከዋል፣ የሳቸው ዱላ ደግሞ ተሰብራለች። «ያቺን ከዘራህን ለአንድ ቀን» አሉ። ደብተራውም ድስቱም ተረሳ። ሰጠኋቸው። ልጅቷ ተፈቀደች፣ ለሠርጉ ያስፈልጋል ተባለ፣ ቀጥሎ ቅልቅል መጣ፣ ቀጥሎ ለቅሶ ሆነ። እኔ ታክሲ ውስጥ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ረዳቱም መልስ አልሰጥ ብሏል።

ትናንት ደፍሬ በራቸውን አንኳኳሁ። ከዘራዬ ከአልጋቸው ራስጌ ተደግፋለች፣ ቅቤ ተቀብታ ታበራለች።

«ጋሼ፣ ያቺን ከዘራ…»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምን ያደርግልሃል» አሉ፣ «አንተ ልጅ እግር!»