ስኮርታ አለህ?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስንወርድ፣ የፍጥነት መንገዱ ላይ፣ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። መኪናዋ መጀመሪያ ኋላዋን ወዝወዝ አደረገች። ቀጥሎ ያ የታወቀው ዷ ዷ ዷ መጣ። ዳር ያዝኩ። መኪናዋ የአክስቴ ልጅ ንብረት ናት። እሱ አጠገቤ ለጥ ብሏል።

ቨርጂኒያ 19 ዓመት ነድቻለሁ። እዚያ ጎማ ሲተነፍስብኝ የማውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ስልክ መደወል። ባለፈው ጥር እንዲሁ ሆኖብኝ ደወልኩ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በብርድ መኪና ውስጥ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ መኪና ሲያልፍ አንድም የቆመልኝ የለም። ስኮርታ እንዳልቀይር ደግሞ ስኮርታ የለም። ብዙ አዳዲስ መኪና ላይ ቀርቷል። የኔ መኪና ላይ በስኮርታው ፋንታ ትንሽ መንፊያና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ሙጫ አስቀምጠዋል። ሙጫው የምስማር ቀዳዳ ይደፍናል፤ የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን አይረባም።

ይህን ታሪክ ቡና ላይ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። መዝጊያው ሁሌም ያው ነው፤ «አገራችን ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አስር ሰው ከቦኝ ነበር!»

ይኸው አገራችን ነኝ። ማንም አልከበበኝም። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ቪ ኤይቱ ሽው ሽው እያለ አለፈን። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር፣ ግራና ቀኝ አጥር። በ100 የሚበር ሰው እኔን ለመርዳት ፍሬን ቢይዝ ከኋላው የሚመጣው ይጨፈልቀዋል። የቨርጂኒያን ሰው ለዓመታት ስወቅስ፣ የተወቀሰው መንገዱ መሆን ነበረበት መሰለኝ። የአክስቴን ልጅ ቀስቅሼ፣ ክሪክና ቁልፍ አውጥተን፣ እየተንቀጠቀጥን ስኮርታውን ገጠምን። ልፍስፍስ ያለ ነው። በቀስታ ነዳን፤ ከፍለን ወጣን።

አዳማ ገብተን ፖስታ ቤት አካባቢ ስንደርስ ስኮርታውም ለቀቀ።

ያኔ አገሬን አገኘኋት። አንዱ ባለባጃጅ ወርዶ ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ። ሎተሪ አዟሪው ቅርንጫፍ ሰብሮ ከኋላችን አስቀመጠ፤ የኛ ማስጠንቀቂያ ምልክት መሆኑ ነው። የሚመጣው ሁሉ «ስኮርታ አለህ?» ይላል። «የተነፈሰው ስኮርታው ነው» ስል ይስቃል፤ ከዚያ ምክሩን ይጀምራል። አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ በሙቀት ጊዜ ነፋሱን ቀነስ ማድረግ ነው እንጂ» አሉኝ። በአክብሮት ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ እየታጠፈና እየተዘረጋ ስለሚሄድ ይበልጥ ይግላል፤ አዳማ ሙቀት ላይ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል። ትክክለኛው ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ሁለቱን ጎማ ባጃጅ ላይ ጭነን ጎሚስታው ጋ ሄድን። ምልክቱ እንጨት ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ነው። ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። የመጀመሪያውን ጎማ ነፋና ውሃ በሞላው ግማሽ በርሜል ውስጥ አሽከረከረው። ቡልቅ ቡልቅ አለ። የቆርቆሮ ምስማር! በጉጠት ነቅሎ፣ ሙጫ የነካ የላስቲክ ገመድ በወስፌ መሰል ብረት ወጋበትና ትርፉን ቆረጠው። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የጠየቀኝ ገንዘብ ቨርጂኒያ አንድ ስኒ ቡና አይገዛም። እዚያ ግን ምስማሩ ወደ ጎን ስለተጠጋ ብቻ አንጠግንም ብለው አዲስ ጎማ አስገዝተውኛል። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ ናቸው፤ የጎማ ጎን አይጠገንም። ይሄ ልጅ ግን ጎንም ቢሆን የሚወጋልኝ ይመስለኛል። እኔም አመስግኜው እሄድ ነበር።

ስኮርታው ላይ ምስማር አልተገኘም። ልጁ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የነፋስ ማስገቢያው አፍ ላይ ቀባ። ምራቁ አረፋ ሠራ። «ቫልቩ ነው ጋሼ፣ ይቀየራል። ግን ጎማው ራሱ አርጅቷል።»

የአክስቴ ልጅ ተቆጣ። «የምን እርጅና! አንድ ቀን አልተነዳም!» ጎማው ጎን ላይ የምርት ጊዜውን የሚናገሩ አራት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን። 3116 ይላል። «ይኸው፣ የ16 ነው! ገና ሁለት ዓመቱ!»

«ጋሼ፣ እሱ በፈረንጅ ነው» አለ ልጁ።

በእኛ ሐምሌ 2008 መሆኑ ነው። ጎማ ተሰቅሎም ያረጃል፤ ብዙ አምራቾች አስር ዓመት ካለፈው አውጡት ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ጎማውን ለረጅም ጊዜ አየው። ልጁን ያየበት ዓይን ግን የባሰ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በእግሬ በዚያው ሳልፍ ድንጋዩ አስፋልቱ መሐል ቁጭ ብሏል። ቅርንጫፉም አለ፣ ጠውልጎ። ባጃጆች ለመሸሽ ጥምዝዝ ይላሉ፤ አንዱ ጋሪ ሊነካ ምንም አልቀረው። የኔ ድንጋይ ነው። ገብቼ ጎንበስ ብዬ ሳነሳው አንድ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን አወጣ።

«ፋዘር፣ ምን ሆነው ነው? ጎማ ነው?»