ዶሊን እወዳታለሁ፣ «ሮክስታር»ን ግን አልጨረስኩትም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የአሜሪካዊቷ የካንትሪ ዘፋኝ የዶሊ ፓርተን የሮክ አልበም «ሮክስታር» በ77 ዓመቷ ያሳየችው ድፍረት ነው ይላል። ድፍረቱን ማን ካደ? እኔን ያልጣመኝ ሙዚቃው ነው።

እስቲ አስቡት፣ 30 ዘፈን! ከሁለት ሰዓት በላይ። አብዛኞቹ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ዝነኛ የሮክ ዘፈኖች ናቸው። እንግዳውም ብዛቱ! ስቲንግ፣ ኤልተን ጆን፣ ፖል ማካርትኒና ሪንጎ ስታር ሳይቀሩ መጥተዋል። ሙሽራዋ የጠፋችበት ሰርግ መሰለኝ።

ድምጿ ለዕድሜዋ ይገርማል፣ እሱ ላይ አቃቂር የለኝም። ግን የስቲንግን ዘፈን ከራሱ ከስቲንግ ጋር፣ ያውም ብዙም ሳይቀየር ስትዘፍነው ምን አዲስ ነገር ይወጣዋል? የዶሊ ጉልበት ታሪክ ስትነግር ነው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሰፋችላት ኮት የዘፈነችው ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። በ1999 «ዘ ግራስ ኢዝ ብሉ» የተባለውን አልበም ስታወጣም 50ን አልፋ ነበር። እዚያም የሰው ዘፈን አለ፣ የፖፕ ዘፋኙ የቢሊ ጆኤል ሳይቀር። ግን ብሉግራስ (ባንጆ የተባለው ባለክር መሣሪያ የሚጎላበት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) አድርጋ የራሷ አደረገችው።

በ2022 ለሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ስትታጭ መጀመሪያ አይገባኝም ብላ ነበር። ይሄ አልበም የዚያ ይሉኝታ ውጤት ይመስለኛል። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 3ኛ ሆኖ ገባ አትበሉኝ፣ ስሟ ነው የሸጠው።

አሥሩን ብቻ መርጣ ብታወጣ ምን ነበረበት? እኔ 19ኛው ላይ ስደርስ አጥፍቼው ወደ ባንጆው ተመለስኩ።