«ትንኝ ናት» አትበሉኝ!

ኧረ በሕግ አምላክ! «ትንኝ ናት እኮ፣ ምን ታጋንኛለሽ?» የሚለኝን ሰው ከእንግዲህ ላልሰማው ወስኛለሁ። ስኮትላንድ የምንኖር ሰዎች የክረምቱን ጨለማና ዝናብ እንደምንም ገፍተን፣ ብርሃኑ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት የሚዘልቅባቸውን ጥቂት ሳምንታት ስንጠብቅ እንከርማለን። እነዚያን ሳምንታት ደግሞ ቁመቷ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነፍሳት ትቀማናለች። እዚህ ሚጅ ይሏታል። ከግንቦት እስከ መስከረም የደጋው ረግረግ ሁሉ የእሷ ነው፤ በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ በኩል ደግሞ ይብሳል።

የወባ ትንኝ ዓይነት ንክሻ የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም። የወባ ትንኝ ቀጭን ቱቦዋን ቆዳ ውስጥ አስገብታ፣ የደም ሥር ፈልጋ፣ መጥጣ ትሄዳለች። ሚጅ ሥር ፈልጋ አትመጥም። አፏ ላይ ጥቃቅን ጥርስ ያላቸው ስለቶች አሏት፤ እነሱን እንደ መቀስ እያፋተገች ቆዳውን ትቆርጠዋለች። ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ትበጣጥስና ቁስሉ ውስጥ የሚጠራቀመውን ደም ትጠጣለች። ደሙ እንዳይረጋና የደም ሥሩ እንዳይጠብብ የሚያደርግ ምራቅም ትጨምርበታለች። ሰውነታችን ያንን ባዕድ ምራቅ ሲያገኝ ሂስታሚን ይለቃል፤ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይለበልባል። ማሳከኩማ አይነሣ! የተነከሰው ሰው በአካሉ መጠን ከነካሿ ጋር ሲተያይ እንዲህ መሰቃየቱ ለማመን ይከብዳል፤ ግን ቆዳ በቁሙ ተቆርጦ ያ ምራቅ ሲጨመርበት ይለበልባል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ባለፈው በጋ የልጄን ራስ ሳይ አንጀቴ ነው ያረረው። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ማጅራቷ ላይ፣ ሹሩባዋ በተከፈለበት መስመር ሳይቀር፣ ቆዳ በታየበት ሁሉ ቀያይ እብጠት ተደርድሯል። ቀናት አልፈው እንኳ ሌሊት እየተነሣች ታክ ነበር። ይህን ያየ ሰው ነው «ትንኝ ናት» የሚለኝ?

የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ደሙን የምትፈልገውም ለእንቁላሏ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ግን፣ የስኮትላንዷ ሚጅ የመጀመሪያውን እንቁላሏን ያለ አንዲት ጠብታ ደም መጣል የምትችል መሆኗ ነው። እጭ ሳለች ባጠራቀመችው ምግብ ትጥላለች። ሰውም ከብትም ያልረገጠው ረግረግ ውስጥ እንኳ ትራባለች ማለት ነው። ለቀጣዩ ዙር ግን ደም ያስፈልጋታል፤ ያኔ የትንፋሻችንን ካርቦን ዳይኦክሳይድና የገላችንን ሽታ ተከትላ ትመጣለች። ደም ያገኘችው ደግሞ ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ትለቃለች። አንዷ እጅ ላይ ስታርፍ ዝም ካሏት፣ ብዙ ሳይቆይ ፊት ሁሉ ይሸፈናል፤ ዓይን ውስጥ፣ አፍንጫ ውስጥ፣ አፍ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። ማረፊያ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች የሚለጥፏቸውን ፎቶግራፎች አይታችኋል? ሐይቁ ረጋ ብሎ፣ ተራራው ውሃው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃው እንዲያ የሚረጋው ነፋስ ሲጠፋ ነው፤ ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ ሚጅ ትወጣለች። በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ነፋስ ካለ መብረር ያቅታታል፤ ጠራራ ፀሐይም አትወድም። በማለዳ፣ በምሽት፣ ደመና በሆነ ቀን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትገኛለች። ታዲያ ያንን ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው እየተነከሰ ነው ያነሣው፤ አያውቅም አትበሉኝ!

ፎርት ዊልያም በተባለችው የስኮትላንድ ከተማ አካባቢ የተከራየነው ቤት ባለቤት ስለ ነፍሳት ስንጠይቀው «ምሽት ላይ አንዳንድ ትኖራለች» ብሎ ነበር የመለሰልን። አንዳንድ! ሥጋው ከሰል ላይ እያለ፣ እጣኑ ጨሶ፣ አቦሉ ተቀድቶ ሳለ ነፋሱ ቆመ። ጭሱም አላዳነንም። ስኒው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲንሳፈፍ አየሁ፤ ቀና ስል የሁሉም ሰው ግንባር ላይ ያው ነጠብጣብ ነበር። ሕፃናቱ እየጮሁ ወደ ቤት ሮጡ። ቤቱም አላስጠለለን፤ መስኮቶቹ አንድም ወንፊት የላቸውም። ይህ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው በሚያምር ሐይቅ አጠገብ፣ በሚያምር ምሽት፣ መስኮት ዘግቶ እየታፈኑ ለመቀመጥ ነው?

ምክሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከሀገር ቤት «አጎበር ስቀሉ» ይሉናል፤ ለወባ ትንኝ የተሠራ አጎበር ቀዳዳው ለእሷ ይሰፋታል፣ ዘው ብላ ትገባለች። ሱቁ በድምፅ ነፍሳት ያባርራል የሚል የእጅ አምባር ይሸጣል፤ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ ትንኝ በዚያ ድምፅ እንደማትሸሽ በተደጋጋሚ ተፈትኖ ታይቷል። የሚሠራው ዲት ወይም ኢካሪዲን የተባለ ነፍሳት አባራሪ ያለበት ቅባት፣ ነጣ ያለ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ለሚጅ ተብሎ የተሠራ ደቃቅ መረብና የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው። ይህን የሚነግር ሰው ግን ከስንት አንድ ነው።

ለሚንቋትም አንድ ነገር ልበል። የስኮትላንዷ ሚጅ በሰው ላይ በሽታ አታስተላልፍም። ዘመዶቿ ግን በ2006 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብሉታንግ የተባለውን የበግና የከብት በሽታ በሰሜን አውሮፓ አዛምተዋል። እኛ ሀገር ደግሞ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚያመላልሱት ኩሊኮይደስ የተባሉት እነዚሁ የሚጅ ዘሮች ናቸው። አህያ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፈረስና በቅሎ ግን ይረግፋሉ። ባለ ጋሪው ፈረሱ ትንፋሽ አጥሮት፣ በአፍንጫው አረፋ ደፍቆ ሲወድቅበት፣ የነከሰችውን ነፍሳት ዓይቷት እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ቤት አከራዮች ሆይ፣ ነፋሱን ማምጣት አትችሉም፤ ያንንም አልጠየቅናችሁም። ማስታወቂያችሁ ላይ ግን «ከግንቦት እስከ መስከረም ሚጅ አለ» ብላችሁ ጻፉ። በየመስኮቱ ደቃቅ ወንፊት ግጠሙ፤ በየክፍሉም አንድ ማራገቢያ አስቀምጡ። ኪራዩን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተቀብላችኋል!